ቃሲም ከመንገድ ዳር የዘራው ማሾ

«ድንኳኑን ነገ ከዙሁር ሰላት በኋላ እናነሳዋለን፣ እቴ ረቢአ። እንዳይከፋሽ» አለ አብዱሰላም።

ረቢአ ለሴቶቹ ልታዞረው የያዘችውን የንፍሮ ሳህን እንደያዘች ቆመች። አብዱሰላም ከሚሴ ውስጥ የዚህ ሰፈር ቅሬ፣ የቀብር ዕድሩ፣ ዕቃ ጠባቂ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን አምጥቶ የሚያቆመው እሱ ነው፤ ሐዘኑ ሲያልቅ መልሶ የሚጭነውም እሱ።

«እስከ ዐስር ሰላት ብታቆዩልኝስ?»

«ከአስፋልቱ ማዶም ሰው ሞቷል እኮ። ያለን ሁለት ድንኳን ነው፤ አንደኛው ጣሪያው ተቀዶ ዝናብ ያስገባል። እነዚያን ምን ልበላቸው?»

«ምንም በላቸው አልልህም። አቆዩልኝ ነው ያልኩህ።»

«እጠይቃለሁ። ቃል ግን አልገባም።»

ማንን እንደምትጠብቅ አልጠየቃትም። ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጡት ወንዶች መካከልም የማያውቅ አልነበረም።

የምትጠብቀው የመልካ ኦዳን ሰዎች ነው። መልካ ኦዳ ወደ ጨፋ ሮቢት ሲኬድ ከዋናው መንገድ ዳር የምትገኝ መንደር ናት። ረቢአና ታናሽ ወንድሟ ቃሲም እዚያ ተወለዱ። እሷ እዚያው አግብታ ቀረች፤ እሱ ተምሮ ጠበቃ ሆነ፣ ከሚሴ ላይ ቢሮ ከፈተ። ኩላሊቱ ታሞ ደሴ ሆስፒታል ተኝቶ ሲሞት፣ ሬሳውን ተቀብለው መቃብሩን የቆፈሩት የከሚሴ ሰዎች ናቸው። ከመልካ ኦዳ የመጣው ሲራጅ ብቻ ነው፤ እሱም የረቢአ ባል ስለሆነ ነው። የመንደሩ ቅሬ ዐምና ተሰብስቦ፣ ከእንግዲህ በቃሲም ደስታም በቃሲም ሐዘንም አንቆምም ብሎ ወስኖ ነበር።

ቃሲም በተቀበረ ዕለት ረቢአ ለሲራጅ ነግራዋለች። «ድንኳኑ ሳይነሳ ካልመጡ እኔ ወደዚያ መንደር አልመለስም። ወንድሜን ካልቀበረ ሰው ጋር ምን ብዬ ነው ለቅሶ የምደራረሰው? እኔ ስሞትስ ማን ሊቆፍርልኝ ነው?»

ሲራጅ «እስቲ አላህ ያውቃል» አለ። ሚስቱ ተናግራ የመለሰችው ቃል ትዝ አይለውም።

ቤት ውስጥ ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። የቃሲም ሚስት ፋጥማ ከማእዘኑ ፍራሽ ላይ ናት። ማልቀሱ ደክሟት አሁን የምታወራው እሷ ነች።

«ስለ ሥራው አንድ ቀን ነግሮኝ አያውቅም» ትላለች። «ደንበኛ መጥቶ ሲወጣ፣ ሰውየው ምን ሆኖ ነው እለዋለሁ። 'ፋጥማ፣ ወጡ ጨው በዝቶበታል' ይለኛል። ወጡ እኮ ገና ከእሳት አልወረደም።»

ሴቶቹ በሻሻቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ለቅሶ ቤት እንዲህ ያለውን ሳቅ የሚቆጣ የለም፤ ሟቹን ለአፍታ ወደ ቤቱ ያስገባዋል።

«ዋናው ለዲኑ መቆሙ ነው» አለች መሪየም። ጎረቤት ናት፤ ከሁሉ ቀድማ መጥታ ከሁሉ ኋላ የምትሄድ። «ያ ፈረንጅ ለወይን ጠጅ ብሎ አገሩን ሊይዝ ሲል፣ ብቻውን ቆሞ የመለሰው እሱ አይደል? ሼሁም ዛሬ ዱዓው ላይ አንስተውለታል። እንዲህ ያለ ሰው ወላሂ ያስቀናል።»

«ለዲኑ ብሎ አይደለም» አለች ረቢአ።

«እህ?»

«ፈረንጁን የመለሰው ቃሲም አይደለም። ወይኑ እንዲተከልማ እንቅልፍ አጥቶ ሲሮጥ ነበር። ፈረንጁ ራሱ ነው የቀረው።»

መሪየም ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። «አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ደግ ሲለው ምናለ ዝም ብትዪ? አፈር ለለበሰ ሰው ይጠቅመዋል።»

«ያልሠራው አይጠቅመውም» አለች ረቢአ፤ ሳህኑን ለሚቀጥለው እጅ አቀበለች።

መሪየም ከንፈሯን መጠጠች። ከሚሴ ላይ ወንድሟ ያላደረገውን ደግ ነገር ይቆጥሩለታል፤ መልካ ኦዳ ላይ ደግሞ ባደረገው ነገር ተቀይመው ቀብሩ ላይ ሳይቆሙ ቀርተዋል። እውነቱን ሊያውቅ የሚገባው ሰው ቢኖር እሷ ነበረች። እሷም ግን ግማሹን ነበር የያዘችው።

ቃሲም ወደ ከሚሴ ከመመለሱ በፊት አዲስ አበባ፣ የውጭ አገር ሰዎችን ጉዳይ በሚይዝ የሕግ ቢሮ ውስጥ ሠርቷል። ቤት መግዛት የሚፈልገው፣ እርሻ የሚፈልገው፣ ዜግነቱን ቀይሮ የአባቱን ቤት ልውረስ የሚለው፣ ሁሉም እዚያ ይመጣል። ረቢአ አንድ ጊዜ ሥራህ በትክክል ምንድን ነው ብትለው «እንግዳ ሰው በማያውቀው አገር እንዳይሞኝ አጠገቡ መቀመጥ» ብሏታል። ባለወይኑን ያገኘው በዚህ ሥራ ነው። ሰውየው ዱዋርቴ ይባላል፤ ፖርቹጋል ውስጥ አያቱ የተከሉት የወይን እርሻ አለው። ወደ ደሴ በመኪና ሲያልፍ የጨፋን ሜዳ አየ፣ ሙቀቱንና ውሃውን ወደደ፣ መሬት ልግዛ ብሎ መጣ። መልካ ኦዳ ስሙን ለመያዝ አልደከመችም፤ ባለወይኑ አለችው።

አንድ ቀን ቃሲም ሰውየውን ረቢአ ቤት ለምሳ አመጣው፤ የመንደሩ ሽማግሌዎችም ተጠርተው ነበር። በእንግሊዝኛ የሚነግረውን ነገር እየመለሰ በአማርኛ፣ ለሽማግሌዎቹ ደግሞ በኦሮምኛ ይናገር ነበር፤ በሰው ማዕድ ላይ የተሸፈነ ወሬ አይወድም።

«መግዛት የሚለውን ቃል እርሳው እያልኩት ነው» አላቸው። «እዚህ አገር መሬት አይሸጥም። የሚያገኘው ኪራይ ነው። ኪራዩም ከእናንተ ከባለይዞታዎቹ ጋር ተፈርሞ፣ መሬት አስተዳደር ገብቶ ካልተመዘገበ ኪራይ አይባልም።»

«ምን አለ ታዲያ?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«በአገሬ ወይን ስንተክል ከሰው ይልቅ ከድንጋይ ጋር ነው የምንጣላው ይላል።»

ሳቁ። ሰውየውን ወደዱት። ለጠጅ የሚሆን ወይን መልካ ኦዳ እንደማይተከል ሲነግሩት፣ የሚበላ ወይንና ዘቢብ ብቻ አደርጋለሁ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አኖረ። ከዚያ ከመንደሩ ኦዳ ዛፍ ስር ዱዓ ተደረገለት። ዱዓውን ያደረጉት የቅሬው ሰብሳቢ አያ አንዋር ናቸው። በሬ ታረደ። ባለወይኑም እንደ ሰው ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ አሚን አለ።

ነገሩ የተበላሸው በዚያ ቀን ነው፤ ማንም ግን አላወቀም። ለባለወይኑ ያ ጥሩ ግብዣ ነበር፤ ውሉ ገና ወደፊት ይመጣል። ለመልካ ኦዳ ግን ውሉ ያ ራሱ ነበር። አያ አንዋር እጃቸውን ዘርግተው፣ አገር አሚን ብሎበት፣ ምን ይቀረዋል? ስለዚህ ለማሽላ የሚታረስበት ጊዜ ሲደርስ ሞፈር ያነሳ ሰው አልነበረም። የወይን ችካል በሚተከልበት መሬት ላይ ማሽላ መዝራት ዱዓውን አለማመን ሆነባቸው። ቃሲም «ፊርማው እስኪገባ እረሱ» ብሎ ተናግሯል። «አንተ የወረቀት ሰው ነህ» አሉት። እሱም ጉዳዩ እንደሚያልቅ እርግጠኛ ስለነበር አልገፋበትም።

ረቢአና ሲራጅም አላረሱም።

ሲራጅ ከወንዶቹ መካከል ተነስቶ ወደ ጓሮ ሲመጣ ረቢአ ከበርሜሉ ውሃ እየቀዳች ነበር።

«ለአያ አንዋር ደወልኩላቸው» አላት።

«እሺ?»

«ይጠራል፤ አያነሱም።»

«እንዳያነሱ ነው የደወልክላቸው።»

ሲራጅ ከግንቡ ጥግ ቁጢጥ ብሎ በስንጥር መሬቱን መጫር ጀመረ። «ጀናዛው ላይ እንደ ደንቡ ቆሜ ተናግሬ ነበር። ቃሲም ላይ ሐቅ ያለው ካለ እኔን ይያዝ፣ ያስቀየመው ካለ አውፍ ይበለው አልኩ። መስጊድ ሙሉ ሰው አውፍ ብለናል አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ዞር ብዬ ሳይ ግን አውፍ ማለት ያለበት ሰው አንድም እዚያ የለም። የማያውቁት ሰዎች ናቸው አውፍ ያሉት።»

ረቢአ ጣሳውን ከበርሜሉ ክዳን ላይ አስቀመጠች።

«ሲራጅ፣ በሬዎቹን የወሰደ ጊዜ ላንተ ምን አለህ?»

ያ ሐምሌ ነበር። የማሽላው ጊዜ አልፏል፤ ለሚቸኩል ሰው የቀረው ማሾ ብቻ ነበር፤ እሱ ቶሎ ይደርሳል። ቃሲም በጠዋት በባጃጅ መጥቶ ከደጃፏ ወረደ።

«እቴ፣ በሬዎቹን ስጪኝ» አላት።

«ለምንህ?»

«የአባታችንን መሬት ላርስ ነው። ማሾ ልዝራበት።»

ከአባታቸው የደረሰው መሬት ትንሽ ናት፤ ልክ ከአስፋልቱ ጠርዝ ጀምራ ወደ ውስጥ ትገባለች።

«ወይን ሊተከልባት አልነበር እንዴ?»

«ስለ ወይኑ አትጠይቂኝ።»

«ታዲያ ሰው ቅጠር። በዚያ የቢሮ እጅህ ነው ዕርፍ የምትይዘው?»

«ራሴ ነኝ የማርሰው» አለ፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ መጠቅለል ጀመረ።

በሬዎቹ ድምፁን አያውቁትም። ወደዚህ ሲላቸው ወደዚያ ይሄዳሉ። ትልሙ እንደ እባብ ተጣመመ። ወደ ሮቢት ገበያ የሚወርደው ሰው ሁሉ እየቆመ ያየዋል። «ጠበቃው በሬዎቹን ፍርድ ቤት ሊያቆማቸው ነው» ያለ ነበር፤ ወሬው እስከ ገበያው ደረሰ። ረቢአ ምሳ ይዛለት ስትሄድ ፊቷን ሸፍና ነው የሄደች።

ቃሲም ከድንበሩ ላይ ተቀምጦ እጁን ታጠበ። መዳፉ ውሃ ቋጥሯል።

«ሰው ምን ይላል?» አላት።

«ምን ይላል፣ ይስቅብሃል እንጂ።»

«ይስቃል ብቻ?»

«ሌላ ምን ይበል?»

መንገዱን ሲያይ ቆየ። እንጀራውን ሳይጨርስ አጥፎ መለሰላት፤ ተነስቶ ወደ በሬዎቹ ሄደ።

መስከረም ላይ ሁሉም ታወቀ። ባለወይኑ ሌላ አገር መሬት ይዟል፤ አይመጣም። መልካ ኦዳ ላይ ጤፍ የለ፣ ማሽላ የለ፣ መሬቱ አረም ለብሶ ቆሟል። የቃሲም ማሾ ብቻ ከመንገዱ ዳር ፍሬ ይዟል። ሽማግሌዎቹ ቃሲምን ኦዳው ስር ጠሩት። ረቢአ ከሴቶቹ ጋር ወደ ኋላ ቆማ ሰምታለች።

«ሰውየው እንደማይመጣ ታውቅ ነበር?» አሉት።

«ከሰኔ ጀምሮ አውቅ ነበር።»

ሰዉ ጉምጉም አለ። ቃሲም ሊዋሽ ይችል ነበር፤ ባለወይኑ በሰኔ የደወለውን ስልክ ከሁለቱ በቀር የሰማ የለም።

«ለምን አልነገርከንም?»

«ሰውየው 'እኔው ራሴ መጥቼ ፊታቸው ቆሜ እስክነግራቸው ለማንም አትንገር' አለኝ። ደንበኛዬ ነው። አማና ነው፤ አደራ ነው። ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልመጣም።»

«እሺ፣ የሱን አማና ጠበቅክ። የራስህን መሬት ግን ዘራህ?»

«ዘራሁ።»

«እኛ ባዶ መሬት ታቅፈን ስንቀመጥ?»

ቃሲም ዝም አለ። ደጋግመው ጠየቁት፤ ዝም አለ። በዚያ ዝምታው ላይ ቅሬው ወሰነ። ረቢአም ያን ቀን ከሰዉ ጋር ነበረች ማለት ይቻላል፤ እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን ለምን ዘራህ ብላ አልጠየቀችውም። አፍራበት ነበር።

«ስለ ገበያው» አለ ሲራጅ፣ ጓሮው ውስጥ ጥያቄዋን ሲመልስ፤ ስንጥሩን ጣለ። «ሰው የሚበዛበት የገበያ ቀን የትኛው ነው ብሎ ጠየቀኝ። አንዳች የሚገዛ መስሎኝ ነገርኩት። ልክ በዚያው ቀን መጣና በሬዎቹን ወሰደ።»

ረቢአ ነገሩን ማገጣጠም ጀመረች።

ሰው ሊሰርቅ ሲል የገበያ ቀን አይመርጥም። ለራሱ ብሎ የሚዘራ ሰው፣ ያውም ጠበቃ፣ ሰው ቀጥሮ በጸጥታ ያሳርሳል። ቃሲም ግን ሱሪውን ጠቅልሎ፣ አገር በሚያልፍበት ቀን፣ አገር በሚያልፍበት መንገድ ዳር፣ ራሱ ዕርፍ ጨብጦ ቆመ። አፉ ታስሯል፤ እጁ አልታሰረም። እረሱ፣ ሰውየው አይመጣም፣ ማሾው አላመለጣችሁም ሊላቸው ነበር። እነሱ ሳቁ። ኦዳው ስር ሲጠየቅም ይህን ማለት አልቻለም። ለናንተ ምልክት ስሰጥ ነበር ካለ የባለወይኑን አማና በልቷል ማለት ነው። ስለዚህ ሌባ መባሉን መረጠ።

«ለምን እስከ ዛሬ ሳትነግረኝ?» አለች።

«አልጠየቅሽኝም። እኔም ቢሆን ዛሬ ነው የገባኝ፤ ስነግርሽ።»

«ሄደህ ንገራቸው።»

«ምን ብዬ? የሚስቴ ወንድም ደግ ነበር ብዬ? ማን ይሰማኛል፣ ረቢአ?»

እሱም እውነቱን ነበር። ከድንኳኑ የቁርአኑ ድምፅ ይመጣል፤ ሰው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ፋቲሃውን አድርሶ ይወጣል። ረቢአ ጣሳውን አንስታ መቅዳቷን ቀጠለች።

በማግስቱ ዙሁር ተሰገደ። ሰደቃው ተበላ። ከሰንበቴ ከተማ የመጡ የቃሲም ደንበኞች፣ ከመንገዱ ማዶ ያሉ ባለሱቆች፣ የፍርድ ቤት ሰዎች እጅ እየነሱ ወጡ። ረቢአ ከበሩ ላይ ሆና ከሮቢት በኩል የሚመጣውን መኪና ሁሉ ስታይ ዋለች። ሚኒባሶቹ አልቆሙም።

አብዱሰላም የሚሠራውን እንደማይወድ ሰው ቀስ ብሎ መጣ። ከኋላው የአይሱዙ መኪና ቆሟል።

«ለመንኩልሽ ወላሂ» አላት። «የማዶዎቹ ሐዘንተኞች ያለ ድንኳን ደጅ ላይ ናቸው።»

«አንሱት» አለች።

ገመዱ ተፈታ፤ ሸራው ወርዶ ተጠቀለለ፤ ወንበሩ ተጫነ። ከቃሲም ቤት ደጅ ላይ የቀረው የተረገጠ ሣርና ፀሐይ ነበር። ሲራጅ ከመኪናው ጋር ሄዶ ሲያራግፉ ሊያግዝ ፈለገ፤ ሚስቱን አየና ቀረ። ከእንግዲህ የሚነጋገሩት ፍራሿና ልብሷ ከመልካ ኦዳ ስለሚመጣበት ነገር ነው፤ እሱ ነገ ይደርሳል።

ባጃጁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሽማግሌው በትራቸውን ቀድመው አውርደው፣ ከዚያ አንድ እግራቸውን፣ ከዚያ ሌላውን አወረዱ። አያ አንዋር ናቸው፤ ብቻቸውን።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ። «ረቢአ፣ ነጋ ጅርታ?»

«ወዐለይኩሙ ሰላም» አለች። ደህና ነሽ ወይ ያሏትን በኦሮምኛው አልመለሰችላቸውም።

ዙሪያቸውን አዩ። «ተነሳ እንዴ?»

«ተነሳ። ወንበርም የለም።»

«ደንጊያው ይበቃኛል።» ከግንቡ ስር ተቀመጡ፤ በትሩን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ቅሬው ልኮኝ አይደለም። እንዳይመስልሽ። እንደመጣሁም አያውቁም።»

«ታዲያ ለምን መጡ?»

«ያን ቀን ሲያርስ አልፌ ነበር» አሉ።

ሲራጅ ከበሩ ወደዚህ ቀረብ አለ።

«ከሮቢት ስመለስ ነው። ሌላው ይስቃል፤ እኔ ቆምኩ። ቃሲም በሬዎቹን አቁሞ አየኝ። 'አያ አንዋር፣ ማሾ አሁንም ይደርሳል' አለኝ። ይህችን ብቻ። ዓይኑን ግን ከላዬ አላነሳም።»

«አንቱስ?»

«ገባኝ።»

በአስፋልቱ ላይ የጭነት መኪና አለፈ። እስኪያልፍ ጠበቁ።

«እዚያው ቆሜ ሳለሁ ገባኝ። ፈረንጁ እንደቀረ፣ ልጁም አፉን መክፈት እንደማይችል። በአፉ ቢነግረኝ ከሚገባኝ ይልቅ ገባኝ።»

«ለምን አላረሱም?» አለች ረቢአ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ለምን ሰዉን አላሳረሱም? ማሾው ለሁሉም ይደርስ ነበር።»

«ዱዓውን ያደረግሁ እኔ ነኝ። አገር አሚን ያለው በእኔ ዱዓ ላይ ነው። በሬ ጠምጄ ብወጣ፣ ዱዓዬ ተመለሰብኝ ብዬ በሰው ፊት መናገሬ ነው።» በትሩን ጉልበታቸው ላይ አገላበጡ። «አላህ ይለውጠው ይሆናል ብዬ ቤቴ ገባሁ። እንዲያ ነበር ለራሴ የምለው። ፊቴን ነው የፈራሁት፣ ረቢአ። ሽምግልና ክፉ ነው፤ ሰው ሲያከብርሽ መሳሳት ይቀልሻል እንጂ መሳሳትሽን መናገር አይሆንልሽም።»

«ኦዳው ስር ሲጠይቁትስ?»

«አንዴ ቀና ብሎ አየኝ። ይናገርልኛል ብሎ ነበር መሰለኝ። እኔ ሳልናገር ስቀር አቀረቀረ። ከዚያ ውሳኔውን የተናገርኩ እኔው ነኝ። ሰምተሽኛል፤ ነበርሽ።»

ረቢአ ነበረች። ድምፃቸውም ትዝ ይላታል፤ ያን ቀን የሐቅ ድምፅ መስሏት ነበር።

«ጁሙዓ ከሰላት በኋላ መስጊድ ደጃፍ ላይ ለሰዉ እነግራለሁ» አሉ። «ቢሰድቡኝም፣ ከሰብሳቢነቱ ቢያወርዱኝም። ያም ሆኖ ይመጣሉ ብዬ ቃል አልገባልሽም፤ መሬቱ ባዶ ሲከርም የተራበ ሰው አለ። ከዚያ በፊት ግን አንቺ አውፍ በዪኝ።»

«አውፉ የኔ አይደለም። የሱ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ አያ አንዋር። «እሱን ከየት ላምጣው?»

ከመስጊዱ የዐስር አዛን ተነሳ። ሦስቱም አዛኑ እስኪያልቅ በየቦታቸው ቆዩ። ባለባጃጁ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ የሚሄድበት ያጣ ሰው ይመስል መስተዋቱን በእጀጌው መወልወል ጀመረ።

«ሲራጅ» አለች ረቢአ። «ባጃጁ እንዳይሄድ። ልብሴን ከፋጥማ ክፍል አውጣልኝ። ከሰላት በኋላ አብረን እንሄዳለን።»

«ወደየት?»

«ወደየት ይሆናል? ወደ ቤቴ።»

«ድንኳኑ ሳይነሳ ካልመጡ ብለሽ...»

«ያልኩትን እኔም ሰምቻለሁ። ጁሙዓ ሲናገሩ እዚያ መሆን አለብኝ። ሰው ሲሰድባቸውም፣ ሰው ሲያምናቸውም።» ወደ አያ አንዋር ዞር አለች። «ስለ ገበያው ቀን ሲራጅ የሚናገረው አለው። አብራችሁ ትናገራላችሁ።»

ሲራጅ ሚስቱን አየና ወደ ቤት ገባ። ውስጥ ፋጥማ ምን እንደሆነ ስትጠይቀው ይሰማል።

አያ አንዋር ለመነሳት በትሩን ተደገፉ፤ አልሆነላቸውም። «ውዱዕ ላድርግ» አሉ። «እዚሁ።»

ረቢአ ከጓሮ በጆግ ውሃ ቀድታ መጣች። ከፊታቸው በርከክ ብላ አፈሰሰችላቸው። እጃቸውን ታጠቡ፤ አፋቸውን፣ አፍንጫቸውን፣ ፊታቸውን፤ ክንዳቸውን እስከ ክርን፤ ራሳቸውን አበሱ። እግራቸውን ሊያጥቡ ሲሉ ወገባቸው አልታጠፍ ስላላቸው፣ ጆጉን ዝቅ አድርጋ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አፈሰሰችላቸው።

ውዱዑ አለቀ። አያ አንዋር ግን እጃቸውን አልሰበሰቡም፤ አውፍ እንደሚለምን ሰው መልሰው መዳፋቸውን ገጥመው ከፊቷ ዘረጉ። ውሃ ማባከን እንደማይወደድ ሁለቱም ያውቃሉ። ረቢአ ጆጉን አዘንብላ፣ በቀስታ፣ ውሃው በጣቶቻቸው መካከል አልፎ ወደ መሬት ሲወርድ እያየች፣ እስኪያልቅ አፈሰሰችላቸው።